ስውር አመጋገብ

የብሎክ 114 አምስተኛው ቡድን ለአሥራ አንድ ዓመት ከአረንጓዴ ወርዶ አያውቅም ነበር። በመግቢያው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ የአምስቱ አባወራ፣ የሃያ አንዱ ሰው የደም ስኳር ክንዳቸው ላይ ባለው መለኪያ ልጥፍ እየተነበበ ይደመራል፣ ይካፈላል፣ በየጠዋቱ አንድ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። ከ110 በታች ከሆነ ሰሌዳው አረንጓዴ ነው፤ ውኃ በየቀኑ ይመጣል። ቢጫ በሦስት ቀን አንዴ ነው። ቀይ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ለአራት ሰዓት። አዳማ ውስጥ ልጆች ከፊደል በፊት የሚለዩት እነዚህን ሦስት ቀለሞች ነው።

የካቲት 9 ቀን 2074 ዓ.ም. ሰሌዳው 112 አለ።

መጀመሪያ ያዩት የቡድኑ ሰብሳቢ ጋሽ ናታን ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በባቡር ትኬት ተቆጣጣሪነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰሌዳውን በጨርቅ ይወለውላሉ። ዝርዝሩን ሲከፍቱ ጥፋተኛውን ለማግኘት አልተቸገሩም። ሃያው ሰው ከሰማንያ አምስት እስከ መቶ አምስት ነበር። የራሳቸው እንደ ሁልጊዜው 92። አንዷ 410።

ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሁለተኛ ፎቅ ወጥተው የሶልያናን በር አንኳኩ።

«ሶልያና፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ልጅሽ። አራት መቶ አሥር።»

«ልጥፉ ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ልጥፍ አይበላሽም» አሉ ጋሽ ናታን። «ሰው ነው የሚበላሸው።»

ልጅቷ ሄራን ከእናቷ ኋላ ቆማ ከባለ ሁለት ሊትር ጆግ ውኃ እየጠጣች ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ክንዷ ላይ ያለው ልጥፍ ጠርዙ ተገልብጧል፤ የሚይዝበት ሥጋ አጥቶ ነው። ከፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተና የቡድኑ ጸሐፊ ፌቨን ፎጣ ራሷ ላይ ጠምጥማ ወጣች።

«እኔ የሚገርመኝ» አለች ፌቨን፣ «ሌላው ሰው ሲበላ ይወፍራል። የእኛ ሄራን እየበላች ትከሳለች። ዘዴውን ብትነግሪን ምናለ?»

«አልበላሁም እትዬ ፌቨን።»

«ቁጥሩ ታዲያ ከየት መጣ? ከሰማይ?»

ሄራን በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሱሪ ኪስ ትሰፋለች። መታመሟን መጀመሪያ ያወቀው የፋብሪካው ሽንት ቤት በር ነው። በሩ በአንድ ፈረቃ አራት ጊዜ ይከፍታል፤ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ሄራን አሥራ አምስት፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ትጠይቀው ነበር። በሩ ይህን የመዘገበው እንደ ልግመት ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። በአንድ ወር ዘጠኝ ኪሎ ቀንሳለች፤ ከሰዓት በኋላ የስፌቱ መስመር ይደበዝዝባታል። እሷ ሁሉንም በሙቀት አሳብባ ነበር። አዳማ ነው፤ ሁሉም ሰው ይጠማዋል።

ጋሽ ናታን ራሳቸው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። መርማሪው ማሽን ደሟን ወሰደ፣ የቡድኑን ዝርዝር አየ፣ የፋብሪካውን ማስጠንቀቂያ አየ፣ እና ገና ተስተካክላ ሳትቀመጥ ወረቀቱን አወጣ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ። መነሻ፦ አመጋገብ። ሕክምና፦ ትምህርት፣ ስድስት ክፍለ ጊዜ።

በጣቢያው ያለችው ሰው ሲስተር ጫልቱ ብቻ ናት። ሥራዋ ወረቀቱ ላይ መፈረም ነው። ስትፈርም ግን የሄራንን የእጅ አንጓ አየች፣ ቀና ብላ ፊቷን አየች፣ ከዚያ ጋሽ ናታንን «ጋሼ፣ ውጭ ይጠብቁን» አለቻቸው።

«ስንት ኪሎ ቀነስሽ?»

«ዘጠኝ።»

«ሽንት?»

«እሱን የፋብሪካውን በር ይጠይቁት።»

ሲስተር ጫልቱ አልሳቀችም። «ይሄ ሁለተኛው ዓይነት አይመስለኝም። አንደኛው ነው። አንደኛው ማለት ሰውነትሽ ኢንሱሊን መሥራት አቁሟል ማለት ነው። ብትበዪም ባትበዪም ስኳሩ ይወጣል። መድኃኒቱ መርፌ ነው፤ ትምህርት አይደለም።»

«ይጻፉልኛ።»

«እኔ እፈርማለሁ እንጂ አልጽፍም።» ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቷ አሳየቻት። «መንገዱ ይሄ ነው። ሃያ አንድ ቀን በቡድኑ ክትትል ሥር ትሆኛለሽ። በነዚህ ቀናት አንድም የስውር አመጋገብ ምዝገባ ካልተገኘብሽ፣ ስኳሩም ካልወረደ፣ መርማሪው ራሱ የአንደኛውን ዓይነት ምርመራ ይከፍታል። አንድ ምዝገባ ከተገኘ ግን ከአንድ ይጀምራል።»

«ሆስፒታል ብሄድስ?»

«ያለ ሪፈር የሚቀበሉት ራሱን የሳተ ሰው ነው።»

«እስከዚያ ምን ላድርግ?»

«ውኃ ጠጪ። ብዙ።»

«ቢጫ ነን» አለች ሄራን።

ሲስተር ጫልቱ ማኅተሙን አነሳችና መታች።

ክትትሉ በማግስቱ ተጀመረ። አምስቱ ቤቶች ተራ አወጡ። ተረኛው ሄራን ስትበላ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል፣ ጉርሻዋን ይቆጥራል፣ ለፌቨን ያስመዘግባል። በር ተከፍቶ ነው የሚበላው። ሶልያና የልጇን ምግብ በግማሽ ቀነሰች፤ ቁጥሩ 420 ሆነ። የቀረውንም በግማሽ ቀነሰች፤ 435። ጋሽ ናታን ለአንድ ሳምንት ያህል ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው ልጅቷ የምትበላበትን መላ እንዳገኙ በየጠዋቱ ይናገሩ ነበር። አንድ ቀን ፍራሹን አስቀደዱ። ሌላ ቀን ከፋብሪካ ስትመለስ ጫማዋን አስወለቁ። ክፋት አልነበረባቸውም። ቁጥር እንደማይዋሽ ያውቃሉ፤ ሰው እንደሚዋሽም በሠላሳ ዓመት የባቡር ሥራ አይተዋል።

ሄራን ስድስቱን ክፍለ ጊዜ ተማረች። ጣፋጭ መተው፣ መራመድ፣ ሆድን ማታለል፣ ቁርጠኝነትን ማጠንከር። ፈተናውን 98 ከመቶ አመጣች፤ በዚያ ዓመት ከብሎኩ ከፍተኛው ውጤት ነው። ምስክር ወረቀቱን ለመቀበል ስትነሳ የወንበሩን መደገፊያ መያዝ ነበረባት። ተጨበጨበላት።

የቡድኑ ውኃ በጄሪካን መከፋፈል ሲጀመር የእሷ ድርሻ ከሌላው እኩል እንዲሆን ሶልያና ጠየቀች።

«እሷ ታጥፋ፣ እሷው ትጠጣ?» አለች ፌቨን። ድርሻዋ በግማሽ ሆነ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ፌቨን ልብስ አጥባ ማለቅለቂያውን በሳፋ ትታ ገመድ ልትሰቅል ወጣች። ስትመለስ ሄራንን ሳፋው ላይ ተደፍታ አገኘቻት።

ሰሌዳው በአሥራ ስምንተኛው ቀን ቀላ። ግምገማ ተጠራ።

ግምገማ የሚካሄደው በጋራው ቤት ነው፤ ድሮ ለበዓል በግ ይታረድበት ስለነበር ወለሉ ወደ መሃል ያዘነብላል፣ መሃሉ ላይ የውኃ መውረጃ አለ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ግለ ሂስ ሳይደረግ ስብሰባው አይዘጋም። በዚህ የተነሳ በብሎክ 114 ያደገ ሰው ሁሉ ለግምገማ የሚሆን አነስተኛ ጥፋት አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ጋሽ ናታን ሁልጊዜ «ለስብሰባ ሁለት ደቂቃ ዘግይቻለሁ» ይላሉ፤ ዘግይተው አያውቁም። ፌቨን «ለጎረቤቴ በቂ ሰላምታ አልሰጠሁም» ትላለች። ይመዘገባል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ማንም ይህን ውሸት ብሎ አይጠራውም፤ በር መክፈቻ ነው።

ስብሰባው ሰባት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ውኃው የሚመጣው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ነው።

ፌቨን የቆሸሸ የከረሜላ ልጣጭ በሁለት ጣቶቿ ይዛ አሳየች። «ይሄ ከደረጃው ሥር ነው የተገኘው።»

«በደረጃው አርባ ሰው ይወጣል» አለች ሄራን።

«አርባው ሰው አራት መቶ አልሆነም።»

«አልበላሁም።»

«የልብስ ማለቅለቂያዬንም አልጠጣሽም በይ እንግዲህ! ሳሙና ያለበትን!»

«ጠጥቻለሁ። ሳሙና ስኳር አለው?»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ጋሽ ናታን በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መቱ። «ልጄ፣ እኛ ልንቀጣሽ አይደለም የተሰበሰብነው። እንድትማሪ ነው። እመኚ፣ ይቅር እንልሻለን።»

ስምንት ሰዓት ሆነ። ቧንቧው ውጭ ማፏጨት ሲጀምር ሁሉም ሰማው። ጄሪካኖቹ በር ላይ ተደርድረዋል። ዘጠኝ ሰዓት። ሄራን ራሷን መሸከም አቅቷት ግድግዳው ላይ ተደግፋለች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ዘጠኝ ተኩል። አንዲት ሴት «የሕፃን ልብስ ተቆልሏል!» ብላ ጮኸች። አንድ ሌላው «ለአንዲት ልጅ ሆድ ብለን ልናልቅ ነው» አለ። አሥር ሰዓት።

ሶልያና ወደ ልጇ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«ትንሽ ነገር እመኚና እንሂድ።»

«እማ፣ ሦስት ቀን ነው የቀረኝ።»

«አንድ ከረሜላ ማን ያስታውሰዋል? ውኃው ሊሄድ ነው።»

«ከአንድ ይጀምራል እኮ።»

«ሄራን» አለች እናቷ፣ «ሰው እየጠላን ነው።»

ሄራን እጇን አነሳች። አንድ ከረሜላ በልቻለሁ አለች። መቼ? ሰኞ። ከየት? ከሥራ ጓደኛ። ምን ዓይነት? እዚህ ላይ ትንሽ አሰበች። ብርቱካን፣ አለች። ፌቨን መዘገበች፤ ጋሽ ናታን ቃለ ጉባኤውን አንብበው ለመርማሪው ላኩት። ሰዉ ጄሪካኑን ሊያነሳ እየተጋፋ ሲወጣ መልሱ ደረሰ። ስውር አመጋገብ ተረጋግጧል። ሁለተኛው ዓይነት ጸንቷል። ክትትሉ ከአንድ ይጀምራል።

ሁለተኛውን ቀን አልጨረሰችውም። ጠዋት ላይ አስታወከች። ትንፋሿ እንደሮጠ ሰው ከሆዷ ይወጣ ጀመር፤ አፏ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ስትወድቅ ያያት ጉርሻዋን ሊቆጥር የመጣው ተረኛ ነው። ራሷን በመሳቷ ሆስፒታሉ ተቀበላት።

የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ወጣት ነው፤ ሸሚዙ ላይ የሰው ደም ደርቋል። ፊቷ ላይ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። የፈጀበት ይህን ያህል ነው።

«ይሄን ማን ነው ሁለተኛው ዓይነት ያለው?»

«መርማሪው» አለች ሶልያና።

«አፍንጫ አለው?»

ሐኪሙ የአንደኛውን ዓይነት ጽፎ ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽና ኢንሱሊን አስጀመረላት። የደም ምርመራው ከሁለት ቀን በኋላ አረጋገጠለት። በአምስተኛው ቀን ሄራን ተቀምጣ ሾርባ ጠጣች።

ሲስተር ጫልቱ ልታስተምራት መጣች፤ የአንደኛውን ዓይነት ታካሚ ማስተማር ፊርማ ብቻ ስላልሆነ ከጣቢያው ፈቃድ አምጥታ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብሽ፣ አንቺ ያደረግሽው ምንም ጥፋት የለም። ከበላሽው የመጣ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች ሄራን። «የሚቀጥለውስ?»

የሚቀጥለውን አስተማረቻት። አንዱ መርፌ በየቀኑ ጠዋት ይወጋል፤ ብትበላም ባትበላም፣ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም መጥፎ ቢሆንም፣ ብትታመምም። ሌላው ከምግብ በፊት ነው፤ እንደ ዳቦው መጠን ይሰላል። ቁጥሩ ከሰባ በታች ከወረደ ወዲያው ስኳር መውሰድ ነው። የጠዋቱ መርፌ ከተዘለለ በሁለት ቀን ውስጥ እዚሁ አልጋ ላይ ትመለሳለች፣ ወይም አትመለስም። ሄራን ሁለት ጊዜ ብቻ አስደገመቻት። ከዚያ የተሰጣትን መማሪያ ከመጨረሻው ገጽ ጀምራ አነበበችው።

መጨረሻው ገጽ ስለ ቁልፍ ነበር። ሐኪም የበሽታ ስም ይቀይራል፤ ቃለ ጉባኤ አይቀይርም። የስውር አመጋገብ ምዝገባ ያለበት ሰው ኢንሱሊን በእጁ አይይዝም። መርፌው በሚቆለፍ ሳጥን ሆኖ በቡድኑ ሰብሳቢ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ ታካሚው በየጊዜው ሄዶ ይወጋል። ምዝገባው የሚሰረዘው ግለ ሂሱ ሐሰት እንደነበር አንድ ምስክር ሲያረጋግጥ ነው። ሐሰተኛ ግለ ሂስ ያስደረገ ሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሕዝብ ምግብ አይነካም።

ሶልያና የመዋዕለ ሕፃናት ወጥ ሠሪ ናት። ገጹን ልጇ ሰጥታት አነበበችው። ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ።

«ጋሽ ናታን ጋ ቢሆን ምን አለበት?» አለች። «ጥሩ ሰው ናቸው።»

ሄራን መማሪያውን ተቀብላት ትራሷ ሥር ከተተችው።

ስትመለስ ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ የአንደኛው ዓይነት ሰው ቁጥር ከሌላው ጋር አይደመርም። ፌቨን ደረጃው ላይ አቅፋ ሳመቻት። «እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ይቺ ልጅ ታማለች ብያለሁ» አለች። የሰማ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሄራን ቁርሷን በሳህን ይዛ መሬት ላይ ወዳለው የጋሽ ናታን ቤት ትወርዳለች። እሳቸው ሳህኑን ያያሉ፣ ቁጥሯን ያያሉ፣ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ሳጥኑን ይከፍታሉ። ለሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ለቅሶ ሄደው እስከ አምስት ሰዓት ቆዩባት፤ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ሚያዝያ 2 ቀን ግን ቁጥሯ 104 ነበር። ጋሽ ናታን በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ጎበዝ! ከእኔ ቁጥር ምን ቀረሽ? ዛሬ አትወጊም።»

«ቁጥሩ ጥሩ የሆነው ትናንት ስለወጋሁ ነው ጋሼ።»

«አየሽ፣ ሰውነትሽ እየለመደ ነው። መድኃኒት ማብዛት ጥሩ አይደለም።»

«የጠዋቱ አይዘለልም። ሲስተር ጫልቱን ይጠይቋት።»

«ልጄ» አሉ፣ በትዕግሥት፣ «እኔ ስድስቱን ክፍለ ጊዜ አሥራ አንድ ጊዜ ተምሬያለሁ። ስኳር ከወረደ ወርዷል። በእኔ እጅ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ይጠየቃል?»

ቁልፉን ሸሚዛቸው ውስጥ መለሱት። ከሰዓት በኋላ 390 ሆነች። ያን ጊዜ የምግቡን መርፌ ሰጧት፤ የጠዋቱን ግን «ጠዋት አልፏል» ብለው ከለከሏት። በማግስቱ ጠዋት 130 ነበረች። እንደገና ተደሰቱ፣ እንደገና ከለከሉ። ከሰዓት አስታወከች። እናቷ ወደ ጣቢያው ሮጠች፤ ሲስተር ጫልቱ ከቦርሳዋ አንድ መርፌ አውጥታ በደረጃው ላይ ወጋቻት። ከየት እንዳመጣችው ማንም አልጠየቃትም። ጋሽ ናታንን ቁጭ አድርጋ ግማሽ ሰዓት አስረዳቻቸው። በጥሞና ሰሙ፤ አመሰገኑ። «ገብቶኛል» አሉ። «በጣም ጥሩ የሆነችበት ቀን ብቻ ነው የምከለክላት።»

«ሌላ ሰው ቁልፉን ቢይዝስ?» አለች ሄራን፣ ሲስተር ጫልቱን ስትሸኛት።

«ሰብሳቢ ብቻ ነው የሚይዘው።»

«መጨረሻው ገጽ ላይ ሦስተኛው መስመርስ?»

ሲስተር ጫልቱ ሦስተኛውን መስመር ታውቀዋለች። የሰብሳቢው ታማኝነት በግምገማ ከወደቀ፣ አዲስ ሰብሳቢ እስኪመረጥ ድረስ ቁልፉ በታካሚው እጅ ይቆያል። በብሎክ 114 ባለፈው ጊዜ ሰብሳቢ ለመምረጥ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ፈጅቷል፤ በየጠዋቱ ተነስቶ ሰሌዳ መወልወል የሚፈልግ ሰው የለም።

«እሳቸው ላይ ምን ይገኛል?» አለች ሲስተር ጫልቱ። «ንጹሕ ሰው ናቸው።»



የሚያዝያ ግምገማ በወሩ በ15ኛው ቀን ሆነ። ሲስተር ጫልቱ የአንደኛው ዓይነት ታካሚ ስላለ በታዛቢነት መጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ጋሽ ናታን ለሁለት ደቂቃ መዘግየታቸውን ተናገሩ። ፌቨን ስለ ሰላምታ ተናገረች። እስክሪብቶዋን ልትከድን ስትል ሄራን እጇን አነሳች።

«የጋሽ ናታን ቁጥር ለአሥራ አንድ ዓመት 92 ነው» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጋሽ ናታን።

«የሁላችንም ቁጥር ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ለፋሲካም፣ ለገናም፣ ለሠርግም። የእርስዎ ለፋሲካም 92 ነው። የሰው ቁጥር እንዴት አይነቃነቅም?»

ሽማግሌው ሳቁ። ብቻቸውን ነበር የሳቁት።

«ልጥፉን እንደሚያወልቁት አይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት በር ሲከፍቱልኝ ማር ይሸታል።»

«የምን ማር? ምን ትላለች ይቺ ልጅ? እኔ ማር ከቀመስኩ አሥራ አንድ ዓመት—»

«ቁጥሩ ታዲያ ከየት መጣ?»

ፌቨን እስክሪብቶዋን መልሳ ከፈተች። «ነገሩ እኔንም ሲከነክነኝ ነው የኖረ» አለች። አንድ ሌላ ሰው፣ በውኃ እጥረቱ ጊዜ ፍራሹ የተቀደደበት የሄራን ቤት ብቻ መሆኑ ትክክል እንዳልነበር አስታወሰ። የጋሽ ናታን ቤት መቼ ተፈትሾ ያውቃል? መቼም። ይኸው። ሄራን ከዚያ በኋላ መናገር አላስፈለጋትም። ነገሩን ከእጇ ተቀበሏት።

ከዚያ ሶልያና ተነሳች። ማንም አልጠራትም።

«እኔም አንድ ቀን ማር ሸቶኛል» አለች። ልጇን አላየቻትም።

አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ጋሽ ናታን መጀመሪያ ተቆጡ፣ ከዚያ የልጆቻቸውን ስም ጠርተው ማሉ፣ ከዚያ የሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸውን ተናገሩ። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ሁለት ሰዓት ያለ ሽንት መቀመጥ ይከብደዋል። ተነስተው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱ።

«ግለ ሂስ ሳይደረግ አይወጣም» አለች ፌቨን። «ደንቡን ያነበቡልን እርስዎ ነዎት።»

«ልጆች፣ ቸኩያለሁ...»

«እኛም ቸኩለናል ጋሼ።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን አጥብቀው ገጠሙ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው የግራ ሱሪያቸው ወደ ጥቁር ሲለወጥ ያየ ሁሉ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከሱሪያቸው የወረደው ወለሉ ወዳዘነበለበት፣ ወደ መሃል ፈሰሰ። ሄራን ዓይኗን አላዞረችም።

«ትንሽ ነገር ይመኑና እንሂድ» አለ ከኋላ አንድ ሰው፣ በደግነት።

«አንድ ማንኪያ» አሉ ጋሽ ናታን።

«መቼ?»

«እንጃ።»

«ቀን መመዝገብ አለብኝ ጋሼ» አለች ፌቨን።

«ማክሰኞ።»

መልሱ ከመነሳታቸው በፊት ደረሰ፤ ፌቨን ጮክ ብላ አነበበችው። ስውር አመጋገብ ተረጋግጧል። ሰብሳቢው ታግደዋል። ሁለተኛው ዓይነት ይጠረጠራል፤ ትምህርት፣ ስድስት ክፍለ ጊዜ። ጋሽ ናታን ቁልፉን ከአንገታቸው ለማውለቅ ሞከሩ፤ ክሩ ጆሯቸው ላይ ተያዘ። ሄራን ቀርባ አላቀቀችላቸው። ቀና ብለው ሊያዩዋት ሲሞክሩ እሷ ክሩን በእጇ እየጠቀለለች ነበር።

ሲስተር ጫልቱ ተከትላት ወጣች። ሄራን የጋሽ ናታንን ቤት ከፍታ ሳጥኑን ከማቀዝቀዣው አወጣች፣ መዝጊያውን በእግሯ ገፋችው፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቁጥሯ 286 ነበር። እናቷ ከላይ ሆና ሁለት ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ላከችላት፤ ራሷ አልወረደችም።

«እውነት ማር ሸቶሽ ነበር?» አለች ሲስተር ጫልቱ።

ሄራን የመርፌውን ክዳን በጥርሷ ነቅላ የመጠኑን ቀለበት አዞረች።

«ለዳቦው ስድስት» አለች፣ «ለቁጥሩ ሦስት። ልክ ነኝ?»

ሲስተር ጫልቱ ከጋራው ቤት ሰው ሲወጣ፣ ሲሳሳቅ ሰማች። ጋሽ ናታን ገና አልወጡም።

«ልክ ነሽ» አለች።